ግማሽ ጣሳ ውሃ

አያ እንድሪስ መሞቱን የሰማሁት የክሊኒኩን ፍሪጅ እየወለወልኩ ነው። ዘበኛችን መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «ዘሀራ፣ እስቲ ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ በይ ተብሎ የሚጀመር ወሬ መቼም ደግ ሆኖ አያውቅም። «ምን ሆነ? ተናገር እንጂ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩበት። «አያ እንድሪስ ከዙሁር ሶላት ተመልሶ፣ ደረቴን አለ፣ በቃ…» አለና ፊቱን አዞረ። ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ።

አላህ ይቅር ይበለኝና መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ አይደለም፤ ሀሊማ ናት። ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለችው፣ ድመቷ የነከሰቻት ሀሊማ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌ ስትወጋ ከርማ የመጨረሻዋ ብቻ ቀርታት ነበር። ቀኗ ነገ ነው። ሀሊማ ወንዝ አትሻገርም፤ ነርሱን በሞተሩ አፈናጦ መርፌውን ወንዝ እያሻገረ የሚያደርስላት አያ እንድሪስ ነበር። አሁን እሱ የለም። ሰማዩ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ጠቁሮ፣ ዝናቡ ያለማቋረጥ እየወረደ ነው። ፍሪጁን ዘግቼ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለሱ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አያ እንድሪስን ከሚሴ ውስጥ የማያውቀው የለም። በስሙ ብቻ የሚጠራው ግን ጥቂት ነው፤ «የውሻው እንድሪስ» ነው የሚሉት። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ጠዋት ላም ሲያክም፣ ፍየል ሲከትብ፣ የአፋሮቹን ግመል ሲያይ «ዶክተር» ይሉታል፤ ከሰዓት ውሻ ከከተበ ተመልሶ የውሻው እንድሪስ ይሆናል። ወላሂ የምናደደው እኔ ነበርኩ። እሱ «ተያቸው ዘሀራ፣ ስም አይነክስም» ይለኛል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ፣ ድምፁን ከፍ ማድረግ የማይችል የሚመስል ሰው ነበር።

እኔ የእንስሳት ክሊኒኩ መድኃኒት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ይባላል እንጂ ሥራዬ ያንን ፍሪጅ መጠበቅ ነው። መብራት ሲጠፋ ክትባቱ እንዳይበላሽ በረዶ ፍለጋ ከሆቴል ሆቴል የምሮጠው እኔ ነኝ። የውሻና የድመት ክትባት ዘመቻ ሲኖር ደግሞ የበረዶ ሣጥኑን ታቅፌ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከሱ ጋር እወጣለሁ። ያኔ ነው ያወቅሁት።

ሥራውን የሚያከብደው የውሻው ጥርስ አይደለም። ላልታመመ ነገር መድኃኒት መስጠት ለሰው ግራ ስለሚሆንበት ነው። አንድ ጊዜ ሰንበቴ ከተማ፣ የከብት ገበያው ዳር ሆነን ስንከትብ አንድ ገበሬ ውሻውን በገመድ እየጎተተ ሊያልፈን ሲል አያ እንድሪስ አስቆመው።

«አከም ጂርታ ወንድሜ? ውሻህን ልከትብልህ።»

«ነጋያ። ውሻዬ ምን ሆነና? ጤነኛ ነው እኮ።»

«ጤነኛውን ነው የምፈልገው።»

«ሲታመም አመጣልሃለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«ሲታመምማ እንዳታመጣብኝ! ሲታመም እኔም እሮጣለሁ፣ አንተም ትሮጣለህ፣ የሚቀድመን ግን እሱ ነው።»

ገበያተኛው ሳቀ። ገበሬውም እየሳቀ መንገዱን ቀጠለ፣ ውሻውን ሳያስከትብ። አያ እንድሪስ ግን አልሳቀም። ውሻው ከብቱ መሃል ገብቶ እስኪጠፋ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። «ሳይቃጠል በቅጠል ብለን የተረትነው እኛው፣ የማንሰማውም እኛው» አለኝና ሣጥኑን ከፈተ።

ውሻ ከተከተበ ይፈዛል፣ ጅብ እያየ ይተኛል የሚሉም ነበሩ። እሺ ያለውም ቢሆን ውሻውን ይዞ አይሰጥህም፤ የቤት ጠባቂ ውሻ የሰው እጅ አያውቅማ። አያ እንድሪስ ውሻውን በእንጀራ ፍርፋሪ በር ድረስ ያስጠራዋል፣ በበሩና በግድግዳው መሃል ቀስ ብሎ ያጣብቀዋል፣ አፉን በገመድ ሸብ፣ ጭኑ ላይ ጠቅ። ለሆድ ትል የሚሆነውን ክኒን ደግሞ በጉበት ቁራጭ ጠቅልሎ ይወረውርለታል። ውሻው ምን እንደነካው ሳይገባው ነው የሚለቀው።

ከዚያ እጁን ይታጠባል። የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ርኩስ ነውና ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። ለዚሁ ብሎ ንጹህ አፈር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዞ ይዞር ነበር። ይህን ሁሉ አድርጎም እጁን የሚጨብጠው አልነበረም። ያውቀዋልና ሰላም ሲል ቀድሞ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፣ ሰውዬው እንዳያፍር።

ሁለት ነገሩ ግን ሰው ያስቀይም ነበር። አንደኛው፣ ሲያነጋግርህ ፊትህን አያይም፤ አንገትህን ነው የሚያየው። «ይሄ ሰው ምን ንቆን ነው ፊታችንን የማያየው?» ይሉኝ ነበር ሴቶቹ። ሁለተኛው ውሃው ነው። ማንም ቤት ሲገባ፣ ገና ሳይቀመጥ፣ «ቢሻን ናፍ ኬኒ» ይላል፤ ውሃ ስጡኝ። ጣሳውን ተቀብሎ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ግማሹን ይጠጣል። ግማሹን ለቤቱ ሰው መልሶ «ዱጊ» ይላል፤ ጠጣ፣ ጠጪ። ጣሳው እየተሞላ በቤቱ ያለውን ሁሉ ይዞራል። ሁሉም እስኪጎነጭ ድረስ የመጣበትን ጉዳይ አያነሳም።

ሰው መቼም ለሳቅ ሰበብ አያጣም። «እንድሪስ መርዝ ይፈራል፣ ባለቤቱን ሳያስጠጣ አያምንም» ተባለ። እኔም ይሄ ሰው ምን ያለ ጥም ነው የያዘው እል ነበር። አንድ ቀን ከጨፋ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ፊት ለፊት ጠየቅሁት፤ ምላሴ መቼም አያርፍ።

«ወጣት ሳለሁ ለከብት ክትባት አንድ ቤት ገባሁ» አለኝ። «ውሃ ሰጡኝ። ግማሹን ጠጥቼ ለቤቱ አባወራ አቀበልኩት። ብርቱ ጎልማሳ ነው፣ ከኔ ጋር ሲጫወት የነበረ። ጣሳውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ጉሮሮው ተናነቀው። እጁ ተንቀጠቀጠና ውሃው ተደፋ። እኛ ሳቅን ዘሀራ። ትን አለው ብለን ሳቅን። ሚስቱም እየሳቀች ሌላ ቀዳችለት። ውሃውን ሲያይ ጮኸ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የለም። የሚያስፈራው ይኸው ነው። የተነከሰ ሰው ሮጦ ከተወጋ ይድናል። ውሃ እምቢ ካለው በኋላ ግን ሮጠህ የምትደርስበት ቦታ የለም። ሰውዬው ተነክሶ እንደነበረ ቤተሰቡ ሁሉ ረስቶታል፤ ቁስሉ ድኖ ጠባሳ ሆኗል። በሽታው ቀጠሮ አይሰጥም። ወርም ይቆያል፣ ዓመትም ይቆያል፣ አንድ ቀን ውሃ ስትጠጣ ይመጣል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ጣሳ ሲዞር ሥራዬን አቁሜ አይ ጀመር። እሱ ከሰው ቤት ሲገባ የሚያየውን እኔም አየሁት፤ ልጆቹ ሲጎነጩ፣ አሮጊቷ ስትውጥ፣ የእያንዳንዱ ጉሮሮ ወጣ ገባ ሲል። ሁሉም ከጠጣ በኋላ አያ እንድሪስ «አልሀምዱሊላህ» ይልና ትከሻው ወረድ ይላል። ሰዎቹ ስለ ውሃው ያመሰገነ ይመስላቸዋል።

ሀሊማን ያየናት ባለፈው በጋ በዘመቻ ነው። አዲስ ሙሽራ ናት፤ ባሏ ለሥራ ወደ አፋር ወርዶ ከአማቷ ከአዮ ፋጡማ ጋር ነው የምትኖረው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ፣ ጥቁሩ የጨፋ አፈር ላይ ነው። ውሻቸውን ያለ ጭቅጭቅ አስከተቡ። አያ እንድሪስ ውሃውን አዙሮ ሲያበቃ ጎታው ሥር የተኛችውን ግራጫ ድመት አየ።

«ድመቷስ?»

«ድመቷ ምን?» አለች ሀሊማ።

«ትከተብ እንጂ።»

ሀሊማ አፏን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። «ኧረ አያ እንድሪስ! ድመት እኮ ንጹህ ናት። ነቢ የወደዷት። ከኔ ጋር ነው የምትተኛው።»

«ንጽህናዋ ለሶላትሽ ነው ልጄ፣ ለበሽታ አይደለም። እሷም ከተነከሰች ትነክሳለች።»

አዮ ፋጡማ ከጓዳ ብቅ አለች። «ተው እንጂ እንድሪስ፣ ውሻውስ ይሁን፣ ድመት በመርፌ ትወጋለህ? ምን አደረገችህ?»

ድመቷ የተባለውን የሰማች ይመስል ከጎታው ጀርባ ገብታ ቀረች። አያ እንድሪስ በሆዱ ተኝቶ ሊያወጣት ሞከረ፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ እሷም አልወጣችም። በዚያ አገር ቤቱ ሁሉ እንዲሁ ነው። ውሻ ርኩስ ስለሆነ በሽታውም የሱ ነው ይላሉ፤ ድመት ንጹህ ስለሆነች በሽታ አይጠጋትም። ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ድመቷ ወደ ሰው መምጣት ከተወች፣ ጨለማ ከፈለገች፣ እጃችሁን እንዳትሰዱ። ደውሉልኝ» አላቸው። ሀሊማ እየሳቀች ስልኩን ያዘች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደወለች። ድመቷ ወተቷን ትታ አልጋ ሥር ገብታ ውላለች። ሀሊማ የተባለውን ዘንግታው «ነይ እናቴ» ብላ እጇን ሰደደች። ድመቷ ከአውራ ጣቷ ሥር ነከሰቻት፤ ነክሳም አልለቀቀችም፣ በስንት መከራ ነው ያላቀቋት። ከዚያ ድመቷ ማሽላው ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲያ ያያት የለም።

መኪና አስነስተን፣ የጤና ጣቢያውን ነርስ ጀማልን ይዘን ስንደርስ አዮ ፋጡማ ቀድማናለች። ወዲያው ነው ሀሊማን ይዛ እዚያው አካባቢ ወዳለ መድኃኒት አዋቂ የሄደችው። ሥር ተቀጥቅጦ ጠጥታለች። አዋቂው ደግሞ የታወቀውን ትእዛዝ ሰጥቷል፤ አርባ ቀን ወንዝ እንዳትሻገር፤ ከተሻገረች በሽታው ይነሳል፤ ውሃው ውስጥ የድመቷን መልክ ካየች አበቃ።

አያ እንድሪስ መጀመሪያ ሳሙና አስመጣ። ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ አሳጠባት፣ በቃኝ ስትል «ገና ነሽ» እያለ። ከዚያ ወደ ከሚሴ እንውሰዳት አለ። አዮ ፋጡማ በሩ ላይ ቆመች።

«አትሻገርም።»

«በድልድዩ ነው እኮ የምንሄደው» አለ ጀማል።

«በድልድይ መሻገር መሻገር አይደለም? ውሃው ከሥር የለም?»

እኔ ደሜ ፈላ። «አዮ! ልጅቷን ልትገድያት ነው እንዴ?» አልኳት።

«ዘሀራ፣ ዝም በይ» አለኝ አያ እንድሪስ። ከዚያ ወደ አዮ ፋጡማ ጠጋ ብሎ፣ በዚያ በቀስታው ድምፅ «መድኃኒቱን የሰጣት ሰው ሀሊማ ወንዝ አትሻገር ነው ያለው?» አላት።

«አዎ።»

«መርፌ ወንዝ አይሻገር ብሏል?»

አሰበች። ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። «እሱንስ አላለም።»

«እንግዲያው መርፌው ይሻገራል» አለ።

መርፌውም ተሻገረ። የጀማል አለቃ ከጤና ጣቢያ ውጭ አይወጋም ብሎ ነበር፤ አያ እንድሪስ ቢሮው ገብቶ ምን እንዳለው አላውቅም፣ ብቻ አስፈቅዶ ወጣ። የመጀመሪያዋ በዚያኑ ቀን፣ በኔ የበረዶ ሣጥን ተይዛ። ሌሎቹም በየቀናቸው። ዝናቡ ሲበረታ መኪናው እምቢ አለ፤ ያንን ጭቃ በሞተር የሚደፍረው እሱ ብቻ ስለነበር ጀማልን ከኋላው እያፈናጠጠ ይሄዳል። ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ቆም ብሎ ውሃውን ሳያይ አያልፍም ነበር አለኝ ጀማል። ምን እንደሚያይ ግን አይናገርም።

መንደሩም ፈራ። አንድ ጊዜ እኔም በትራክተር ተሳቢ አብሬ ስሄድ ሴቶቹ ድመቶቻቸውን ይዘው ተሰልፈው አገኘናቸው። በቅርጫት፣ በዶሮ ቆጥ፣ በነጠላ ጠቅልለው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለኝ አያ እንድሪስ፤ ግን እየከተበ ነው። ፊቱ አልፈካም። ያቺ ግራጫ ድመት ማሽላው ውስጥ ስትዞር ማንን እንደነካች፣ የት ወድቃ እንደቀረች የሚያውቅ አልነበረም። ቢያገኛት በሽታው ይኑርባት አይኑርባት ይለይ ነበር። ድመት ጠፋች ማለት መልስ ጠፋ ማለት ነው።

ሀሊማም ሳቋን ትታለች። ማንም በግልጽ አልነገራትም፤ ግን የሱን ዓይን እያየች ገብቷታል። ያን ቀን ጣሳውን ሲያቀብላት ይዛው ቀረች።

«አያ እንድሪስ፣ አልዋጥ ቢለኝስ?»

 አዮ ፋጡማ ከንፈሯን ነከሰች። እሱ ጣሳውን ከእጇ ወስዶ አንድ ጉንጭ ደገመና መለሰላት። «እኔ ቀድሜሻለሁ አይደል? እኔ ቀድሜ የጠጣሁት ውሃ አያንቅሽም። ዱጊ።»

ጠጣች። ስንመለስ ትራክተሩ ላይ «ቶሎ ነው የጀመረችው፣ ኢንሻአላህ ትድናለች» አለኝ። «ግን ንክሻው ጥልቅ ነው። የመጨረሻዋ መርፌ በምንም መንገድ እንዳታልፍባት።» በምንም መንገድ የሚለውን ሁለቴ ነው ያለው። ከሱ ጋር የወጣሁበት የመጨረሻው መንገድ ያ ነበር።

ዘበኛው የነገረኝ ዕለት ቤቱ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። አንድ ነገር ግን ደስ አላለኝም፤ ሰዉ በሁለት በሦስት ሆኖ ያንሾካሹካል። ገላውን የሚያጥቡት ሰዎች በር ላይ ቆመው አይገቡም። «ምንድነው?» ብዬ አንዱን ያዝኩት። «ውሃ እምቢ ብሎት ነው የሞተው ይባላል» አለኝ አጎንብሶ። አጃኢብ! ዕድሜውን ሙሉ ከበሽታው ሲጠብቃቸው የኖረውን ሰው ሬሳውን ፈሩት። አፌን ከፍቼ ልጮህባቸው ስል ሚስቱ ከድጃ ከውስጥ በሩ ላይ ብቅ አለች።

«ስሙኝ» አለች። እንባ አልነበራትም። «ደረቴን ሲለኝ አስተኛሁት። ውሃ ስጪኝ አለ። ግማሹን ጠጣ። ግማሹን ለኔ ሰጠኝና ጠጪ አለኝ። ስጠጣ አየኝ። አልሀምዱሊላህ አለ። ከዚያ ነው የሄደው።»

 ከዚያ አንዱ ሽማግሌ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፤ ሌሎቹ ተከተሉት፤ ኋላ እኔ ላጥብ እኔ ላጥብ ሆነ። በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን ያልጨበጡትን እጅ ያን ቀን ተሻሙበት። ጀምበር ሳትጠልቅ ቀበርነው።

ማምሻውን ለአዮ ፋጡማ ደወልኩ። አያ እንድሪስ መሞቱን ነገርኳት።  «አዮ፣ ትሰሚኛለሽ? መርፌውን እኔና ጀማል ይዘን እንመጣለን፣ እንደምንም» አልኳት። ከኋላዋ የዝናቡ ድምፅ ይሰማኛል። «ወንዙ ሞልቷል» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ልቤ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። መርፌዋ ያለችበት የበረዶ ሣጥን ከጎኔ ነው። ጀማል ከጠዋት ጀምሮ መጓጓዣ ሲፈልግ ውሎ ጥርሱን ነክሶ ተመለሰ። ባጃጆቹ ከድልድዩ ወዲያ አንሄድም፣ ጭቃው ይውጠናል ብለውታል። ትራክተሩም ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆሟል። «በእግራችን እንሂዳ!» አልኩት። «ዝናቡ ትንሽ ያባራ» አለኝ። ዝናቡ ግን የሚያባራ አይመስልም ነበር። ያ ሰው በምንም መንገድ ያለው ነገር ራሴ ውስጥ እየተመላለሰ መቀመጥ አቃተኝ። ተነስቼ ጫማዬን ስፈልግ የግቢው በር ተከፈተ።

ሁለት ሴቶች ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። አንዷ ከራሷ እስከ ወገቧ በጋቢ ተሸፍናለች፤ ፊቷ አይታይም፤ ሌላዋ እጇን ይዛ ትመራታለች። የምትመራው አዮ ፋጡማ ናት።

«አዮ!» አልኩ። «ወንዙንስ?»

«ተሻገርን» አለች። ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ውሃውን እንዳታይ ሸፍኛት ነው ያመጣኋት። ድልድዩ መሃል ስንደርስ ድምፁን ሰምታ አልሄድም አለች፣ ጎትቼ አሻገርኳት።» ከዚያ ለኔ ብቻ ሳይሆን ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ተናገረች። «እሱ ስንቴ ወንዝ ተሻግሮ ቤቴ መጥቶ፣ እኔ ለለቅሶው ባልሻገር በምን ፊቴ ሰው ፊት እቆማለሁ? በሽታው የሚነሳም ከሆነ ይነሳ ብዬ ነው። ልጄን ይዤ ነው የመጣሁት።» እንግዲህ ያኔ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ከድጃ ወጥታ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።

ጀማል ጊዜ አላጠፋም። ሀሊማን ወደ ጓዳ አስገባናት፤ ጋቢው ተነሳ፤ የመጨረሻዋ መርፌ ክንዷ ላይ ገባች። ደስ ሊለኝ ሲል አዮ ፋጡማ እጅጌዬን ጎተተች። ጆሮዬ ሥር ነው የተናገረችው።

«ዘሀራ፣ ከትናንት ስልክሽ ወዲህ ውሃ አፏ አልገባም። ስሰጣት ጣሳውን ትመልሳለች።»

 ጀማል ሰምቷል፤ ሲሪንጁን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሀሊማ መደቡ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታያለች። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ከጓዳው በር ላይ የነበሩት ሴቶችም የተባለውን ሳይሰሙ ከፊታችን አነበቡትና ወደ ኋላ አሉ። አያ እንድሪስ ስለዚያ አባወራ ያጫወተኝ ትዝ አለኝ። ሳቅን ዘሀራ፣ ትን አለው ብለን ሳቅን።

ሮጬ ልወጣ ፈልጌ ነበር። የተናገርኩት ግን «ከድጃ፣ ቢሻን ናፍ ኬኒ» ነው።

ከድጃ ጣሳውን ሞልታ አመጣች። ቢስሚላህ ብዬ ጠጣሁ። ግማሹ ላይ ስደርስ አቆምኩ። ሀሊማ ፊት ተንበርክኬ ጣሳውን ዘረጋሁላት።

«ዱጊ።»

ተቀበለች። ውሃውን አየችው። አየችው፣ አየችው፣ አላነሳችውም።

«አያ እንድሪስ ነበር የሚቀድመኝ» አለች። «ብቻዬን ሞክሬው እምቢ ቢለኝስ ብዬ ነው። ካልሞከርኩት አላውቀውም ብዬ።»

«ቀድሜሻለሁ እኮ» አልኳት። «አላየሽም? ቀድሜሻለሁ።»

ጣሳውን አነሳች። ጉሮሮዋ ወጣ፣ ቆመ፤ ከዚያ ወረደ። እንደገና ወጣ፣ ወረደ። የጣሳው ቂጥ ወደ ላይ እስኪዞር ድረስ ዓይኔን ካንገቷ አላነሳሁም። ፊቷን እንዳላየሁት ያኔ ነው የታወቀኝ። ቀና ብዬ ሳያት ታለቅስ ነበር፤ እያለቀሰች ባዶውን ጣሳ ዘረጋችልኝ።

«ድገሚኝ» አለች።